‹‹ፊልም የለው፣ ምን ወጪ አለህ?››

ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም በመስኮቱ ሥር ከሚሰለፉት ቆሎ ሻጮች ጋር ዋጋ ተከራክረው ያውቃሉ? እኔ ሞክሬያለሁ፤ አይሳካም። ልጁ ገብሱ በስንት እንደተገዛ፣ ሱፍ ሲጨመርበት ለምን እንደሚወደድ፣ ለመቁላቱ ስንት ማገዶ እንደነደደ ጠንቅቆ ያውቃል። ከዚያ በታች ከጠሩበት ፊቱን ወደሚቀጥለው መስኮት ያዞራል። እዚያው ከተማ ውስጥ ደግሞ በመቶ ሺዎች ብር የሚገመት ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት አለ። ‹‹ለሠርግ ስንት ትጠይቃለህ?›› ቢሉት ‹‹ሌሎቹ ስንት አሉዎት?›› ብሎ ነው የሚጀምረው። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ወጣት ነው።

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው እንጂ በካሜራ እንጀራ አልበላሁም። ሆኖም ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ባለው የይፋት መንገድ ላይ በግላቸው የሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች ምክር ፍለጋ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው የሕግ ይመስላል። ‹‹ሙሽራው ቀሪ ሒሳቤን ከለከለኝ›› ይላል አንዱ፤ ‹‹ያነሳሁትን ፎቶ ሳያስፈቅዱኝ ፖስተር ላይ አወጡት›› ይላል ሌላው። ነገሩ ሲመረመር ግን ጠቡ የተወለደው ዋጋው በተነገረበት ቀን ሆኖ ይገኛል። ምን እንደሚሸጥ ሳይለይ ዋጋ ጠርቷልና።

የዱሮው ዋጋ አጠራር ምክንያት ነበረው። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎቹን የቦያጂያን ቤተሰብን የመሳሰሉትን እንተዋቸው፤ ደንበኛቸው ንጉሥ ነበር። የሰፈር ፎቶ ቤት ግን የሚሸጠው ቁጥር ያለው ነገር ነው። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ያነሳል፣ ፊልሙ ይታጠባል፣ ወረቀት ላይ ይታተማል። ስለዚህ ፎቶ በፍሬ ይሸጥ ነበር፤ ጉርድ በደርዘን፣ ፖስት ካርድ በነጠላ። ወጪው ዕቃው ውስጥ ስለሆነ ዋጋውም ዕቃው ላይ ተለጠፈ። አንሺው የዋለበት ቀን፣ የዓይኑና የእጁ ሙያ በፍሬዎቹ ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ይከፈል ነበር። ደንበኛውም ማንም ሰው ይህን ልማድ ጠይቆ አያውቅም።

ዲጂታል ካሜራ መጥቶ ይህን መደበቂያ አፈረሰው። ሸዋ ሮቢት ላይ አንዲት የሙሽራ እናት ከፎቶ አንሺ ጋር ሲደራደሩ ሰምቻለሁ። ‹‹አንተ ልጅ፣ ፊልም የለው፣ አጣቢ የለው፣ ምን ወጪ አለህና ነው ይህን ሁሉ የምትጠይቀኝ?›› አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ‹‹እሱስ ልክ ነዎት እትዬ፤ እንግዲህ እርስዎ እንዳሉት ይሁን›› ብሎ ዋጋውን በሲሶ ቀነሰ። እናትየው ሊፈረድባቸው አይገባም፤ የሚያውቁት ዋጋ ያ ነው። የገረመኝ የልጁ መልስ ነው። የገዛ ወጪውን አያውቀውም።

ፊልም እኮ አለው! ብርሃን ለመቀበል የሚከፈተውና የሚዘጋው የካሜራው መከለያ፣ ሸተር የሚሉት፣ ዕድሜው በቁጥር ነው። በአገራችን ሠርግ ቤቶች በብዛት የምናየው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ሸተሩ ለ150 ሺህ ያህል ፎቶ ተብሎ የተሠራ ነው። በአንድ ሠርግ ከጧቱ የሙሽራ አለባበስ እስከ ማታው ጭፈራ 3 ሺህ ጊዜ ቢጫን 150 ሺውን ለ3 ሺህ አካፍሉት፤ 50 ሠርግ ይወጣዋል። ከዚያ በላይ ሊሠራ ይችላል፣ ቀድሞም ሊቆም ይችላል። ካሜራው ግን በየሠርጉ ከዕድሜው አንድ ሃምሳኛውን ያህል ይሰጣል ማለት ነው። የዱሮው ፊልም በየሠላሳ ስድስቱ ገንዘብ ይጠይቅ ነበርና ሁሉም ያየዋል፤ የአሁኑ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ቀን ሒሳቡን በአንድ ጊዜ ያመጣዋል።

ያ ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ በድሮው ዋጋ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፣ አልተመለሰምም። ከዚያ ቀን በፊት በተገዛ ካሜራ የሚሠራ ሰው ‹‹እኔ እኮ በርካሽ ነው የገዛሁት›› ብሎ ዋጋ ቢያረክስ ራሱን እያታለለ ነው። መጠየቅ ያለበት ‹‹በስንት ገዛሁት?›› ብሎ ሳይሆን ‹‹ነገ ቢሰበር በስንት እተካዋለሁ?›› ብሎ ነው። ባለ ታክሲው ጎማውን፣ ገበሬው በሬውን በዚህ መንገድ ነው የሚያስበው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱ የራሱን ያስገባ። የካሜራው፣ የሌንሶቹና የኮምፒውተሩ የዛሬ መተኪያ 360 ሺህ ብር ይሁን፤ 4 ዓመት ያገልግል። በዓመት 90 ሺህ ብር ነው። ለቤተሰቡ ቀለብና ኪራይ በወር 20 ሺህ ብር፣ በዓመት 240 ሺህ። ለጥገና፣ ለሸተር መቀየሪያ፣ ለስልክና ለግብር በዓመት 60 ሺህ። የሱቁን ኪራይ ጉርድ ፎቶ ቻለው እንበል። ድምሩ 390 ሺህ ብር ነው። በዓመት 30 ሠርግ ካገኘ ከእያንዳንዱ ሠርግ 13 ሺህ ብር ማግኘት አለበት፤ አልበሙና ትራንስፖርቱ ከዚህ ውጭ ነው። 8 ሺህ ብር እያስከፈለ ከሆነ በዓመት 150 ሺህ ብር ጎደለው። ይህ 150 ሺህ ከየት ይመጣል? ልጆቹ መብላት አያቆሙም። ስለዚህ የሚበላው የካሜራው መተኪያና የጥገናው ገንዘብ ነው፤ 90 ሺህና 60 ሺህ፣ ልክ 150 ሺህ። ለዚህ ነው ጎበዝ የምንለው ፎቶ አንሺ ሦስትና አራት ዓመት በዝና ሠርቶ ድንገት ባጃጅ ሲነዳ የምናገኘው። ሥራ አጥቶ አይደለም፤ ካሜራውን በቁርጥራጭ ለደንበኞቹ አከፋፍሎ ጨርሶ ነው።

‹‹ለምን 30 ሠርግ ብቻ?›› ይባል ይሆናል። ምክንያቱ የቀን መቁጠሪያው ነው። የክርስቲያን ሠርግ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ፣ ከዚያም ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንቶች ይጨናነቃል፤ ያውም ቅዳሜና እሑድ ላይ። በነቢያት ጾም፣ በሁዳዴና በፍልሰታ ድንኳን አይተከልም። በአንድ እሑድ ሦስት ሰው ይፈልገዋል፣ መሆን የሚችለው ግን አንድ ቦታ ነው። የይፋት ቆላ ፎቶ አንሺ ከደጋው ወንድሙ የሚሻልበት ነገር አለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደንበኛው ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ብዙ ጊዜ የአንዱ ጾም በሌላው ሠርግ ይካካሳል። አንዳንዴ ግን አይካካስም። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአምስት ቀን ልዩነት ተከታትለው ገቡ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ልዩነቱ ከዚያም ጠበበ። እንዲህ ባለው ዓመት ወሩን ሙሉ ድንኳን የለም። ስለዚህ የጥርና የግንቦት ሠርግ ዋጋ ባዶዎቹን ወሮች ተሸክሞ መቆም አለበት። ‹‹በአንድ ቀን ይህን ሁሉ?›› የሚል ደንበኛ አንዷን ቀን ያያል፤ ከኋላዋ ያሉትን ዝምታዎች አያይም። ቀኗም ብትሆን አንድ አይደለችም፤ መልሱ አለ፣ ቅልቅሉ አለ፣ ከዚያ ሦስት ሺህ ፎቶ ፊት ተቀምጦ የመምረጡና የማስተካከሉ ሌሊት አለ።

መሬቱም ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ከጠርማ በር ጭጋግ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ካሜራ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። ቀዝቃዛ ዕቃ ሙቅ አየር ሲያገኘው እንደ ጠዋት መስታወት ላብ ያወጣል፤ እርጥበቱ ሌንስ ውስጥ ከከረመ ሻጋታ ያበቅላል። መፍትሔው ቦርሳውን ሳይከፍቱ ዕቃው እስኪሞቅ መጠበቅ ነው። ሙሽራ ግን አትጠብቅም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ማታውኑ ወርዶ ያድራል፤ የአልጋና የእራት ወጪው ከዋጋው ተለይቶ በግልጽ ይጻፋል እንጂ ‹‹ከትርፌ ላይ እችለዋለሁ›› አይባልም።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ፤ አንባቢዬ እንዳይሰለች እየፈራሁ።

የመጀመሪያው ቀብድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መቀበል ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ የተቀበለውም ማፍረስ ይችላል፣ ግን እጥፉን ይመልሳል። ይህች ድንጋጌ ለፎቶ አንሺ ትልቅ የዋጋ ትምህርት ናት። የጥርን አንድ እሑድ በአንድ ሺህ ብር ቀብድ የያዘ ሰው ቀኑን በአንድ ሺህ ብር ሸጧል ማለት ነው። ሠርጉ በዋዜማው ቢቀር የሚቀርለት አንድ ሺህ ብር ብቻ ነው፤ የመለሳቸው ሌሎች ሁለት ደንበኞች ግን ተመልሰው አይመጡም። በሌላ በኩል የተሻለ ከፋይ አግኝቶ እሱ ቢያፈርስ ሁለት ሺህ ብር መልሶ መሄድ ስለሚችል የሙሽራው ቤተሰብም በርካሽ ቀብድ አልተጠበቀም። ስለዚህ ቀብድ ‹‹ለስሙ ያህል›› የሚጣል ሳንቲም አይደለም፤ የቀኑ ዋጋ ነው። በእኔ እምነት ከጠቅላላው ከግማሽ ማነስ የለበትም። ቀሪውም ከሠርጉ ቀን በፊት መግባት አለበት፤ ሙሽሮች ከመልስ በኋላ ዕዳ እንጂ ገንዘብ የላቸውም።

ሁለተኛው የመንገድ ነገር ነው፤ በዚህ አካባቢ ዋነኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳርሷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በተነሳው ግጭት ይህ መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ፎቶ አንሺው መድረስ ሲያቅተው ማን ይከፍላል? ብዙዎቹ ‹‹ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነዋ!›› ብለው ያልፉታል። እውነት ነው፣ ሕጉ ጦርነትንና የመንግሥት ክልከላን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ነገር ግን ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊገምተው የማይችለው ነገር ሲሆን ነው ይላል። መንገዱ በየጊዜው እንደሚዘጋ እያወቀ የተዋዋለ ሰው ‹‹አልገመትኩም›› ቢል ዳኛው ይቀበለዋል? እኔ ተከራካሪ ብሆን በዚህ ላይ አልተማመንም። ይልቅ አንድ መስመር ውሉ ላይ ትጻፍ፤ መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ለሌላ ቀን ይያዛል? እዚያው አካባቢ ያለ ሌላ አንሺ በምትኩ ይገባል ወይስ አይገባም? ልዩነቱንስ ማን ይችላል? ይህን አደጋ የሚሸከም አንሺ ከማይሸከመው በላይ ቢያስከፍል ተገቢው ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ቤት ብቻ አልነደደም፤ በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለውና በየሳጥኑ የተቀመጠው ፎቶም አብሮ ሄዷል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሮጠው ሠርጉን ወዳነሳው ሰው ነው። ‹‹አንተ ጋ አይጠፋም›› ብሎ። ፎቶውን ማስቀመጥ ታዲያ በነፃ አይደለም፤ ሁለት ማከማቻ ዲስክ ያስፈልጋል፣ አንደኛው ሌላ ከተማ ቢቀመጥ ይመረጣል። ውሉ ላይ ‹‹ለሁለት ዓመት አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ በላይ ከተፈለገ በዓመት ይህን ያህል›› የሚል ቢኖር ደንበኛውም የሚገዛውን ያውቃል፣ አንሺውም በወቀሳ አይኖርም።

ሦስተኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ፎቶ አንሺዎቹ ከሚያስቡት የተለየ ነገር ስነግራቸው ይደነግጣሉ። ‹‹ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የእኔ ነው›› ይላሉ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን አንድ ሰው ተቀጥሮ ወይም ታዞ ለሠራው ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በስተቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱን የሚሰጠው ለቀጠረው ወይም ላዘዘው ነው። የሠርጉ ፎቶ ባለመብት እንግዲህ ያዘዘው ቤተሰብ ነው። ሆቴል ጠርቶት ክፍሎቹን ያነሳለት አንሺም ሌላ ካልተጻፈ መብቱን አብሮ አስረክቧል። ሆቴሉ በአምስት ቀን ሥራ ዋጋ ለዓመታት ካላንደርና ማስታወቂያ ሲያትምበት ‹‹ተበደልኩ›› ማለት አያዋጣም። ወይ መብቱን ለራስ ማስቀረት፣ ወይ ዋጋውን መብቱን ጨምሮ መጥራት ነው። በፈረንጆች 1947 ሮበርት ካፓ፣ ካርቲየ ብሬሶንና ጓደኞቻቸው ማግነም የተባለውን የፎቶ አንሺዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ አንዱ ዋና ጉዳያቸው ይኸው ነበር፤ መብቱ መጽሔቶቹ ዘንድ መቅረቱ ቀርቶ አንሺው ዘንድ እንዲቆይ።

ማንም ሳያዘው በራሱ ተነሳሽነት ያነሳው ግን የራሱ ነው። ጠርማ በር ገደል ላይ የቆመው ጭላዳ፣ የመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል የሚታየው የይፋት ሜዳ፣ እነዚህ ዋጋቸው በፍሬ አይደለም። አንድ ድርጅት ሲጠይቅ ‹‹ስንት ቅጂ? ለስንት ጊዜ? ለምን አገልግሎት?›› መባል አለበት። ለአንድ ዓመት ካላንደርና ለዘለዓለም ማስታወቂያ አንድ ዋጋ ሊሆን አይችልም። ጥበቃው ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው፤ በ2018 ዓ.ም. የተነሳ ጭላዳ እስከ 2043 ዓ.ም. ሊያበላ ይችላል። ደራሲ ዕድሜውን ሙሉ ተጠቅሞ ከሞተ በኋላ ደግሞ ወራሾቹ 50 ዓመት ሲጠበቅላቸው ለፎቶ አንሺ ይህችን መቁጠራቸው እኔን ባያስደስተኝም፣ ያለችውን አለመጠቀም ይባስ ነው።

ጭላዳ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሰው ግን ይጠየቃል። እሑድ እሑድ የሰንበቴ ገበያ ላይ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ሲገናኙ የሚገኘው ፊት ለፎቶ አንሺ ሀብት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 27 ግን የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ቀጣዩ ቁጥር ሕዝብ የሚያየውን ሥነ ሥርዓትና ዝነኛ ሰዎችን የመሰሉ ልዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም፣ ግመሉን ይዞ የቆመ ሽማግሌን ለይቶ አንስቶ ለሻይ ቅጠል ማሸጊያ መሸጥ በዚያ በር አያልፍም። በኦሞ ሸለቆ የሙርሲ ሰዎች ጎብኚውን በየፎቶው ሲያስከፍሉ ብዙዎቻችን ቅር ሲለን ኖረናል። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ዋጋ የሚጠራው ካሜራ የያዘው ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ለንግድ የሚሸጥ ፊት ከሆነ የተነሺው ድርሻ ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ ይቆጠር፣ ፈቃዱም በጽሑፍ ይያዝ።

በመጨረሻ ልጆቹ ደጋግመው የሚያነሱልኝን ሐሳብ ላንሳ። ‹‹ለምን ሁላችንም ተሰብስበን ከዚህ በታች አናነሳም ብለን አንፈርምም?›› ይላሉ። በዋጋ ማርከስ የተማረረ ሰው ሐሳብ ስለሆነ ይገባኛል። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪ ነጋዴዎች የመሸጫ ዋጋ እንዳይወስኑ ይከለክላልና አይፈረምም፤ በቃልም አይደረግም። ወጪን አብሮ ማስላት፣ የውል ቅጽ አብሮ ማዘጋጀት፣ ዕቃ በጋራ መግዛት ግን ሌላ ነገር ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለት ልጆች አንድ ሁለተኛ ካሜራ በጋራ ገዝተው በየተራ ይሠሩበታል። የተፈራረሙትን አንድ ገጽ ወረቀት አሳይተውኛል። ወር ሲሞላ የሸተሩን ቆጣሪ አብረው ያያሉ፤ እያንዳንዱም ባነሳው ቁጥር ልክ ለመተኪያው በአንድ የባንክ ደብተር ያስቀምጣል።